የሦስተኛው ፎቅ ግስላ

«ወንዝ ማዶ ያለኸው ድምፅህ ይሰማኛል፤
እህም... እህም... እህም... ውሃው ይዞኛል።»

የሁለተኛው ስንኝ ግማሽ ጠፍቶባታል። ልጅ ሳለች ከጎረቤት ሬዲዮ የሰማችው ዘፈን ነው። ዘፋኟ ማን እንደነበረች፣ መሃል ላይ ያለው ቃል ምን እንደሆነ፣ ያቺን ሴት ውሃው እንዴት እንደያዛት ዛሬ ቢጠይቋት መልስ የላትም። የቀረላት ዜማው ብቻ ነው፤ እሱንም የምታንጎራጉረው ደረጃ ላይ ነው። የመጀመሪያው ስንኝ ከምድር ቤት እስከ አንደኛው ፎቅ ያደርሳታል። ቃሉ የጠፋው «እህም እህም» እስከ ሁለተኛው ይዘልቃል። «ውሃው ይዞኛል» ስትል ጉልበቷ ይይዛታል። እዚያ ላይ ትሪውን በደረጃው መደገፊያ ላይ አስደግፋ ትቆማለች፤ ትተነፍሳለች። ዜማው አልቋል፤ ደረጃው ግን ገና ነው።

ሰማንያ አራት ደረጃ። ቆጥራዋለች። ከእሷ በቀር የቆጠረው ሰው የለም፤ ባዶ እጁን የሚወጣ ሰው ምን አስጨንቆት ይቆጥራል?

ሕንፃው የዱር እንስሳትን የሚጠብቅ መሥሪያ ቤት ነው። ይጠብቃል ሲባል ግቢው ውስጥ ከአንዲት ሰነፍ ድመት በቀር እንስሳ የለም፤ እንስሳቱ በየጫካቸው ናቸው፣ እዚህ ያለው ወረቀታቸው ነው። ሊፍት የሚገባበት ጉድጓድ ሕንፃው ሲሠራ ተትቶ ነበር። ሊፍቱ ሳይመጣ ቀረ፤ ጉድጓዱም የተሰባበሩ ወንበሮች መቃብር ሆነ። ስለዚህ ወደ ላይ የሚወጣ ነገር ሁሉ በሰው እግር ይወጣል፤ ወረቀቱም፣ ሻዩም።

ሻዩን የምታወጣው እሷ ናት። ሃያ ሁለት ዓመት ሆናት። ብርጭቆ የሞላ ትሪ ይዛ ስትወጣ «ትኩስ! ትኩስ ነው! አሳልፉኝ!» ስለምትል ስሟ እትዬ ትኩስ ሆኖ ቀርቷል። በሠራተኛ መዝገብ ላይ ሌላ ስም አላት፤ በዚያ ስም የሚጠራት ቢመጣ ግን ራሷም ዘወር ማለቷ ያጠራጥራል።

የትሪ አደራደሯን ያየ ሰው ቢኖር ኖሮ ባርኔጣውን ባነሣላት። የአንደኛ ፎቅ ብርጭቆዎች ዳር ዳሩን ይይዛሉ፤ ቶሎ ይነሣሉና። የአራተኛው ፎቅ መሃል ይቀመጣሉ፤ ዙሪያቸውን ያሉት እንደ ግድግዳ ሆነው ሙቀታቸውን ይጠብቁላቸዋል። የዳሮቹ ሲነሡ ትሪው እንዳይጋደል፣ ከየፎቁ የቀደመውን ዙር ባዶ ብርጭቆ ሰብስባ በቦታቸው ትተካለች። ቀጭን የሚወደውን፣ ወፍራም የሚወደውን፣ ስኳር ሐኪም የከለከለውን፣ ሐኪም ከልክሎት ተደብቆ የሚልሰውን ሁሉ በልቧ ይዛለች። በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ የአንዱን ብርጭቆ ለሌላው ሰጥታ አታውቅም። «እንዴት አስታወስሽው?» ያላት ሰው ግን አልነበረም።

ሻዩ የሚፈላው ከደረጃው ሥር ነው። ጣሪያው ከደረጃው ጋር አብሮ ያዘቀዝቃል፤ በአንደኛው ጫፍ ቀጥ ብላ ትቆማለች፣ በሌላው ጫፍ ታጎነብሳለች። መስኮት የለውም። ውሃ የምታመጣው ከግቢው ቧንቧ ነው። የላምባ ምድጃው ሲጨስ ጭሱ መውጫ ያጣና ፀጉሯ ውስጥ ይሸሸጋል። ልብስ ሰፊ የሆነችው ልጇ፣ እናቷ ገና የቤቱን በር ሳትነካው «እማዬ መጣሽ? ላምባሽ ቀደመሽ» ትላታለች። ሁለቱም ይስቃሉ። ከዚያ ልጅቷ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ አቅርባ የእናቷን ጉልበት ታሻለች፤ ያኔ የሚስቅ የለም።

እንግዲህ የዚህች ሴት ነገር የሚጀምረውም የሚበላሸውም አሥራ አራት ቁጥር ላይ ነው።

አሥራ አራት ቁጥር ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያለ ክፍል ነው። ሰፊ መስኮት አለው፤ ከመስኮቱ ሥር የውሃ ቧንቧና የዕቃ ማጠቢያ ገንዳ አለው። ውሃ እዚያው፣ ብርሃን እዚያው፤ ከዚያ ተነሥቶ ወደ ላይም ወደ ታችም ሻይ ማድረስ ለእግር ቀላል ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀድሞው ዳይሬክተር ደረጃው ላይ ቆማ ስትተነፍስ አገኛትና «አይዞሽ፣ አሥራ አራት ቁጥርን ሻይ ቤት አደርግልሻለሁ» አላት። አፉን ሞልቶ ነው ያላት። እሷ ታማ ሁለት ሳምንት ቤት ዋለች፤ ተሽሏት ስትመለስ ዳይሬክተሩ ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሯል፣ አሥራ አራት ቁጥርም ታሽጓል። በሩ ላይ «አደገኛ። እሳት እንዳይጠጋው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።

ንብረት ክፍል ወረደች። አዲስ የተቀጠረ ወጣት ነበር ያኔ። ያገኘውን ሁሉ ስለሚያሽግ ኋላ ላይ «ማኅተም» የሚል ስም የወጣለት ሰው ነው።

«ልጄ፣ እዚያ ክፍል ውስጥ ምን አለ?»

ማኅተም መዝገቡን ገለጠ። አሮጌውን መዝገብ ወደ አዲስ መዝገብ ገልብጦ የጨረሰበት ሰሞን ነበርና በእጅ ጽሑፉ ይኮራ ነበር። በጣቱ እየተከተለ አነበበላት፤ «ክፍል አሥራ አራት። ግስላ። ብዛት፣ አንድ። ቀለም፣ ጥቁር። ክብደት፣ ከባድ። ማሳሰቢያ፣ እሳት እንዳይጠጋው።»

«ግስላ? አውሬው?»

«አውሬው።»

«በሕይወቱ?»

«ኧረ እትዬ! ደርቆ፣ ጥጥ ተሞልቶ ነው እንጂ! ቆዳው ላይ መድኃኒት ስለሚቀባ እሳት አይወድም።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«መዝገቡ ላይ አለ እኮ ነው የምልዎት!»

መዝገቡ ላይ ስላለ ኖረ። በየዓመቱ ንብረት ሲቆጠር ሦስት ሰዎች ከበሩ ፊት ይቆማሉ፣ ማኅተሙ አለመቀደዱን ያያሉ፣ «ታሽጓል፤ አለ» ብለው ጽፈው ይሄዳሉ። በዓመታዊው ሪፖርት ላይ «በመሥሪያ ቤቱ ይዞታ ሥር አንድ ብርቅዬ ግስላ ይገኛል» የሚል መስመር ገባ፤ ከገባም አልወጣም። ግስላውም ሰው አላየውምና እንደ ልቡ አደገ። ዓይኖቹ የመስታወት ናቸው፣ ከባሕር ማዶ ነው የመጡት ያለ ነበረ። በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቄ አየሁት፣ ዓይኑ አበራብኝ ብሎ የማለም ነበረ። ግስላው እየከበረ ሲሄድ እሷ በዚያው በር ፊት በቀን ስምንት ጊዜ እያነከሰች ታልፋለች፤ ብርጭቆዎቿ ይንቀጫቀጫሉ፤ ቀና ብሎ የሚያያት የለም።

ማመልከቻ አስገባች፤ አንድ ጊዜ አይደለም፣ አራት ጊዜ። ግስላውን ወደ ሌላ ክፍል አዛውሩልኝ፣ ውሃ ያለበትን ክፍል ለሻይ ስጡኝ ነው ያለችው። መልሱ በማኅተም እጅ ተጽፎ፣ በክብ ማኅተም ተመትቶ መጣላት፤ «ቋሚ ንብረት ከያዘው ቦታ ለአላቂ ነገር ተብሎ አይነሣም። ሻይ አላቂ ነው።»

እስቲ ይሄን አንብቦ ደሙ የማይፈላ ማነው? ሻዩስ ይሁን፣ ይጠጣል፣ ያልቃል። የዚህች ሴት ጉልበት በየትኛው ዓምድ ነው የተመዘገበው? በቋሚው ነው በአላቂው?

ባለፈው ወር ሐኪሙ ጉልበቷን ጨብጦ፣ አጥፎ፣ ዘርግቶ አየና «እናቴ፣ ወይ ደረጃውን ይተዉት፣ ወይ ጉልበትዎን ይሰናበቱት። እንዲህ ከቀጠሉ አንድ ዓመት ቢቆይልዎ ነው» አላት። ጡረታ ለመውጣት አምስት ዓመት ይቀራታል። ወረቀቱን ይዛ ወደ ዳይሬክተሩ ሄደች። ይህ አዲሱ ዳይሬክተር ነው፤ አዲሱ ይባል እንጂ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል።

«ምን ላድርግሽ እትዬ ትኩስ?» አላት ወረቀቱን ሳያነሣ። «ሻይማ መውጣቱ አይቀርም። ካልቻልሽ የምትችል እንፈልጋለና።»

«አሥራ አራት ቁጥርን ቢሰጡኝ እችል ነበር።»

«ግስላ አለበት!»

ነገሩ ይኸው ነው። ወይ ክፍሉን ታገኛለች፣ ወይ ጉልበቷንና ሥራዋን ባንድነት ታጣለች።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ያ ስብሰባ የመጣው። አራተኛ ፎቅ አዳራሽ ውስጥ፣ ግድግዳው ላይ ጨርቅ ተሰቀለ፤ «ብርቅዬ እንስሳትን ለሁሉም ተደራሽ እናድርግ» ይላል። «ተደራሽ» የሚለው ቃል ያን ሰሞን መሥሪያ ቤቱን እንደ ጉንፋን ይዞት ነበር። መረጃው ተደራሽ ይሁን ይባላል፣ ስልኩ ተደራሽ አይደለም ይባላል፣ አንዱማ ከሽንት ቤት ወረፋ ላይ ሆኖ «ኧረ ተደራሽ አድርጉልን!» ብሎ አስቋል። ከሌላ መሥሪያ ቤት እንግዶች ተጠርተዋል፤ ከእነሱ መሃል ሽበቷን ያላጠቆረች አንዲት ጎልማሳ ሴት የበላያቸው ናት። ንግግር የሚያደርገው አንድ አማካሪ ነው፤ ጫማው ሹል፣ በእጁ ቀይ ብርሃን የሚተፋ ዘንግ የያዘ፣ ነገር ሁሉ በፐርሰንት የሚታየው ወጣት።

እትዬ ትኩስ ሦስተኛ ዙሯን ይዛ ስትገባ አማካሪው ግድግዳው ላይ ሰንጠረዥ አብርቷል። በአንድ ወገን «ሻይ»፣ በሌላው ወገን «ግስላ»።

«ቀላል ንጽጽር ላሳያችሁ» አለ። «ሻይ የት ይገኛል? በሁሉም ቦታ። መቼ? በማንኛውም ሰዓት። ለማን? ለማንም። ለማግኘት የሚጠይቀው ድካም? ዜሮ ፐርሰንት! አሁን ወደ ግስላው እንሂድ። የት? አይታወቅም። መቼ? ምናልባት በዕድሜ አንድ ጊዜ። ለማን? ዕድል ላለው። ድካም? መቶ ፐርሰንት!» ዘወር ሲል እሷን ከነትሪዋ አጠገቡ አገኛት። ፊቱ በራ። እጁን ሰደደና ከመሃል አንድ ብርጭቆ አነሣ። «ይኸው! ሻይ አማረኝ፣ እጄን ዘረጋሁ፣ አገኘሁ። ተደራሽነት ማለት ይህ ነው! ግስላውም እንዲህ መሆን አለበት!»

ሰው አጨበጨበ። እሷ ከጭብጨባው መሃል ቆማለች። ግንባሯ ላይ ላብ አለ። ጉልበቷ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ልብ ይመታል።

«ዜሮ ያልከው የማንን ድካም ነው፣ ልጄ?»

ጭብጨባው ረገበ።

«አይ፣ የእርስዎን አይደለም እናቴ፤ የተጠቃሚውን ነው።»

«ሻይ እግር አለው እንዴ? ተደራሽ ያልከው እኮ አድራሽ ስላለው ነው። እኔ የታለሁ?»

አማካሪው ወደ ግድግዳው ዞረ፤ በቀዩ ብርሃን ከላይ እስከ ታች ፈለገ፤ የእውነቱን ነው የፈለገው። «እርስዎ...» አለ፣ «እርስዎ ሰንጠረዡ ውስጥ የሉም።»

አንዱ ፍርፍር ብሎ ሳቀ። ሌላው ተከተለው። ሳቁ ጠረጴዛውን ዞሮ እስከ ዳይሬክተሩ ደረሰ። ሃያ ሁለት ዓመት ሻይ ያደረሰቻቸው ሰዎች ናቸው እነዚህ።

«ሰንጠረዡ ላይ ከሌለሁ ደረጃው ላይም የለሁም» አለች። ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ወጣች። ስትወርድ አላንጎራጎረችም።

የሚቀጥለው ሻይ ሰዓት ደረሰ፤ ሻዩ ግን አልደረሰም። ሰው በሩን አየ፣ ሰዓቱን አየ፣ ደግሞ በሩን አየ። የዳይሬክተሩ ጸሐፊ ተልካ ወረደች፤ እትዬ ትኩስን ከደረጃው ሥር ማሰሮዋ አጠገብ በበርጩማ ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። ሻዩ ይፈላል፤ ብርጭቆዎቹ ታጥበው ተደርድረዋል።

«እትዬ፣ ኧረ ሻይ ይላሉ!»

«አለ። ትኩስ ነው። ይምጡ።»

«እንዴት ይምጡ?»

«በእግራቸው ነዋ! እኔ በምን የምወጣ መስሏቸዋል?»

ጸሐፊዋ አፏን በመዳፏ ይዛ ሳቀች፤ ለራሷ አንድ ብርጭቆ ቀዳች። «ምን አለች ልበላቸው?»

«ሻዩ ተደራሽ ነው በያቸው። እዚህ አለ። ደርሰው ይጠጡ።»

መጀመሪያ ዳይሬክተሩ ወረደ፣ ኮሌታው ውስጥ ጣቱን ከትቶ አንገቱን እያላላ። ከኋላው ጉሮሮው በንግግር የደረቀው አማካሪ፤ ከዚያ ማኅተም፤ ከዚያ ሽበታሟ እንግዳና የቀሩት ወረዱ። ደረጃው ሥር ያለችው ጠባብ ቦታ በሰው ተጨናነቀች። አማካሪው ጣሪያው ማዘቅዘቁን ሳያይ ገብቶ ግንባሩን ተመታ።

«ስንት ነው?» አለችው ሻዩን እየሰጠችው።

«ምኑ?»

«ደረጃው።»

«አልቆጠርኩትም።»

«ሰማንያ አራት ነው። እስቲ እሱን ፐርሰንት አድርግልኝ።»

ዳይሬክተሩ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ። «ምን ሆነሽ ነው? በእንግዳ ፊት ታዋርጅኛለሽ?»

እሷ ድምፅዋን ዝቅ አላደረገችም። «ጉልበቴ አለቀ። የሐኪም ወረቀት ሰጠሁ፤ አራት ጊዜ አመለከትኩ። ውሃና መስኮት ያለው ክፍል አለ፤ ስጡኝ አልኩ። ለሞተ አውሬ ይገባል፣ ላንቺ አይገባም ተባልኩ።»

«የምን አውሬ?» አለች ሽበታሟ እንግዳ።

ዳይሬክተሩ መልስ ሳይሰጥ ማኅተም ቀደመው፤ ኩራቱ ነው ያስቀደመው። «ብርቅዬ ግስላ አለን። ሦስተኛ ፎቅ፣ ታሽጎ።»

«ግስላ አላችሁ? እዚሁ? ታዲያ ጠዋት ሙሉ ስለ ተደራሽነት ስታወሩ ለምን አላሳያችሁንም? እንየዋ!»

«ለመክፈት የሦስት ሰው ኮሚቴ ፊርማ ያስፈልጋል» አለ ማኅተም።

«ኮሚቴው እነማን ናቸው?»

ማኅተም ዳይሬክተሩን አየ፤ ጸሐፊዋን አየ፤ ሦስተኛው እሱ ራሱ ነው። ሦስቱም የሻይ ብርጭቆ ይዘው ከደረጃው ሥር ቆመዋል። በስኳር ጣሳው ክዳን ላይ ወረቀት ዘርግተው ፈረሙ።

ወጡ። እሷም ከሁሉ ኋላ ወጣች፤ ባዶ እጇን ነበረች፣ ሆኖም ጉልበቷ ይህንን አላወቀላትም፣ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያዛት። ስትደርስ ማኅተም ማሸጊያውን በምላጭ እየቀደደ ነበር። ቁልፉ ከዝገቱ ጋር ታገለ። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የወጣው አቧራ ነው።

ግስላ የለም።

ከመስኮቱ ሥር ገንዳው አለ። ከገንዳው ጎን አንድ ጠረጴዛ፤ ጠረጴዛው ላይ ባለ ሁለት ዓይን የጋዝ ምድጃ፣ ላስቲኩ እንኳ ያልተገፈፈ። ከጠረጴዛው ሥር ጥጉን ይዞ የቆመው ጥቁር ቀለም የተቀባ፣ ከባድ፣ ድቡልቡል የጋዝ ሲሊንደር ነው።

«ግስላውስ?» አለ አማካሪው፣ ከበሩ ጀርባ እያየ።

አሮጌው መዝገብ ይምጣ ተባለ፤ መጣ። የድሮው የንብረት ጸሐፊ ወረቀትም ቀለምም ቆጣቢ ነበር፤ ሙሉ ቃል ጽፎ አያውቅም። በክፍል አሥራ አራት ረድፍ ላይ፣ በጠባቧ ዓምድ ውስጥ «ጋ/ሲ/ለ» ይላል፤ ቦታ ስላልበቃው ከሥሩ ወርዶ «ሻይ» ይላል። ጋዝ ሲሊንደር ለሻይ። የቀድሞው ዳይሬክተር ቃሉን ጠብቆ ነበር ለካ! ዕቃውን አስገዝቶ፣ አስገብቶ፣ አስመዝግቦ ነው የሄደው።

ሰረዞቹ ቀጥነው ሊጠፉ ደርሰዋል። ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆን ማንም እንዲህ አያነበውም ነበር፤ የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ግን ሦስት ፊደል ተጠጋግቶ ሲያይ አውሬ ይታየዋል። ማኅተም ሲገለብጥ «ጋ»ን ወደ «ግ»፣ «ሲ»ን ወደ «ስ» አቃናቸው፤ «ለ» ላይ ሲደርስ አንዷን እግር ሳብ አድርጎ «ላ» አደረጋት። ከሥሩ የነበረችውን «ሻይ» አላቂ ነገር በቋሚ ንብረት መዝገብ ምን ይሠራል ብሎ ሰረዛት። በዚያች በተሳበች አንዲት እግር ሲሊንደሩ ተነሥቶ ጫካ ገባ። የእሷ እግር ነው ደረጃው ላይ የቀረው።

ዳይሬክተሩ መጀመሪያ ሳቀ። «ይሄማ... ይሄማ የሚጻፍ ነው!» እያለ ሆዱን ያዘ። እንግዶቹም ሳቁ፤ ጸሐፊዋ እንባዋን ጠረገች። አማካሪው ሲሊንደሩን በጣቱ አንኳኳው፤ ሙሉ ነው።

እትዬ ትኩስ አልሳቀችም።

«ሳቁ» አለች። «እናንተ ሳቁ፣ ይገባችኋል፣ እግራችሁ ደህና ነው። አሥራ አንድ ዓመት! ብርቅ ነው፣ አይነካም፣ አይታይም ያላችሁት የሻይ ማፍያ ነው! የኔው ዕቃ ነው! የኔን ዕቃ ብርቅ ብላችሁ ቆለፋችሁበት፣ እኔን ርካሽ አድርጋችሁ ደረጃ ላይ ለቀቃችሁኝ። በዚህ በር ፊት ስንት ጊዜ አለፍኩ? ላምባ እየሳልኩ፣ እያነከስኩ፣ ስንት ጊዜ? አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ ከፍቶ ቢያይ ምን ነበረበት?» ወደ ማኅተም ዞረች። «ስጠይቅህ አይተኸዋል ወይ አልኩህ። መዝገቡ ላይ አለ አልከኝ። እኔስ ከፊትህ አልነበርኩም?»

ሳቁ እንደ ፈላ ማሰሮ ክዳኑ ተከደነበት። ማኅተም እግሮቹን አየ።

«ሰንጠረዡን አስተካክለዋለሁ፣ እናቴ» አለ አማካሪው በቀጭን ድምፅ።

«ሰንጠረዥህን ተወውና ከመስኮቱ ዞር በልልኝ፣ ብርሃን ከለልከኝ።»

ይህ ሁሉ ከሆነ በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። የእኛ መሥሪያ ቤት ግን እንዲህ በቀላሉ አይሸነፍም። ማኅተም ጉሮሮውን ጠረገ። «እንግዲህ ስህተቱ ታይቷል። እስኪስተካከል ክፍሉ መልሶ መታሸግ አለበት። መዝገቡ ላይ ያለው ግስላ ነው፤ እንስሳ ከመዝገብ የሚሰረዘው ደግሞ የእንስሳት ሐኪም የሞት ማስረጃ ሲሰጥ ነው። ሕጉ እንደዚያ ይላል።»

«ያልተወለደው እንዴት አድርጎ ይሞታል?» አለች።

ዳይሬክተሩ እንግዶቹን በዓይኑ ጥግ እያየ «ለጊዜው ነው፣ እትዬ ትኩስ» አለ። «አጣሪ ኮሚቴ እናቋቁማለን። ለጊዜው።»

ለጊዜው የሚባለውን ታውቀዋለች። ወደ ውስጥ ገባች። ከጥጉ የተጣጠፈ ወንበር አወጣች፤ በቀሚሷ ጫፍ አቧራውን ጠረገችና ከመግቢያው ላይ፣ በሩ ሊዘጋ በማይችልበት ቦታ ዘረጋችው።

«ሰው ያለበት ክፍል ይታሸጋል?» አለችው ማኅተምን።

ማኅተም በልቡ ደንቡን ከዳር እስከ ዳር ፈተሸ። «አይታሸግም» አለ።

«እንግዲያው አልወጣም። ዛሬም አልወጣም፣ ነገም ጠዋት መጥቼ እዚሁ ነኝ። ከልጄም ጋር እየተፈራረቅን እንቀመጥበታለን።»

ሽበታሟ እንግዳ ከዳይሬክተሩ ጎን ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እኔ የዛሬውን ቃለ ጉባኤ ሳልፈርም አልሄድም» አለችው። «ክፍል አሥራ አራት የሻይ ክፍል ነው የሚል ከሌለበት ደግሞ አልፈርምም።» ዳይሬክተሩ ኮሌታውን ነካካ። ጸሐፊዋ ማንም ሳያዛት ብዕሯን አወጣች፤ መስመሩን ጻፈችና አቀረበችለት። ፈረመ። ማኅተም ግን ማሸጊያ ወረቀቱንና ሙጫውን ከእጁ አላወረደም።

ሰዓቱ ስምንት አልፎ ነበር። እሷ ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ የሥራ ቀን ምሳዋን ቆማ፣ በሁለት ዙር መሃል ነው የምትጎርሰው።

«ልጄ» አለችው አማካሪውን። «ከዚህ ከተነሣሁ አላምናቸውም። ምድር ቤት፣ ከደረጃው ሥር፣ ምስማሩ ላይ የተሰቀለ ቋጠሮ አለ፤ ምሳዬ ነው። አድርስልኝ።»

ወጣቱ በሹል ጫማው ሲወርድ ተሰማ፤ ቆይቶ ሲወጣ ተሰማ፣ ቀስ እያለ። ቋጠሮውን ሰጣት። ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር፤ የቆጠረው ነገር እንዳይጠፋበት ይመስላል። አልጠየቀችውም።

ቧንቧውን ከፈተችው። ሳለ፣ ዝገት ተፋ፣ ቡናማ ውሃ አወረደ፣ ከዚያ ጠራ። እጇን እስከ ክርኗ ታጠበች። ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ የታመመውን እግሯን በቀስታ ከፊቷ ዘረጋችው። ቋጠሮውን ጭኗ ላይ ፈታች፤ ዳቦ ነው፣ ሁለት የተቀቀለ ድንች፣ በወረቀት የተጠቀለለ ጨው።

ዙሪያዋን ሰው ቆሟል፤ ዳይሬክተሩ፣ ማኅተም ከነሙጫው፣ ሃያ ሁለት ዓመት የምታውቃቸው ፊቶች። ሰው ባለበት አንዲት ቃል ሳትል በልታ አታውቅም፤ ለጠላቷም ቢሆን «እንብላ» ትላለች። ዳቦውን ቆረሰች። ቀና ብላ አንድ በአንድ አየቻቸው። ምንም አላለችም። ጎረሰች።